ሰሙ ሲነሣ

እንዶድ ስወቅጥ ነው፣ ጨሞጋ ያደግሁ፣
አለቱ ላይ ጥዬ፣ ረግጬ ያጠብሁ፤
የአውራ ጣቴ ጥፍር፣ ሳሙና የበላው፣
አርባ ዓመት ሙሉ ነው፣ አልበቅልም ያለው።

የእህቴ ልጅ አንተሁነኝ፣ ከባሕር ዳር ገብቶ፣
ይዞልኝ መጣ ዕቃ፣ በስንት ብር ሸምቶ።
"እቴቴ፣ ይኸውልሽ" ብሎ ቢጫነው፣
እንደ ተቆጣ ንብ አጓራብኝ፣ ምነው!
"ባትሪ ነው" አለኝ፤ "ሌሊት ሰክተሽ እደሪ፤
ቀን መብራት ቢሄድም፣ እንዳታማርሪ።"
ሳቅሁበት በሆዴ፤ ለምን ይሆን ያለው?
ለጥርስ ይተልቃል፤ ለፈረስ ትንሽ ነው።

ያለምጣ ከአጥር ማዶ፣ ብቅ ብላ አይታ፣
"እጅሽ ወጣልሽ በይ፣ ያለ ዕድሜው ጡረታ!"
እሷው ናት በማግስቱ፣ ሱሪ ይዛ የመጣች፣
የሣር እድፍ አልለቅ ብሏት የተሸነፈች።

መጀመሪያ ለታ፣ እንደ እጄ መስሎኝ፣
ተጭኜ ብሠራ፣ ሸሚዝ ተበሳብኝ፤
የሾፌር ሸሚዝ ነው፤ ከፈልሁ፣ ምን አባቴ፣
በሳምንት ገቢዬ፣ ተማርሁ ከጥፋቴ።

አሁን ጠባዩ ገባኝ፤ ጉልበት አይወድም፤
ካስነኩት ይበቃል፣ ሥራ አያስተምሩትም።
ከዳር ወደ መሀል፣ ቀስ እያሉ መግባት፤
ከመሀል ከጀመሩት፣ ይሰፋል እንደ ሐሜት።
የቡሬ በርበሬ፣ ዘይት ያዋሰው፣
በሎሚ አለስልሼ፣ ሩብ ሰዓት ልተወው፤
የተማሪ ቀለም፣ የጋራዥ ግራሶ፣
በእናት ነጠላ ላይ፣ ኩል ያዘለ ለቅሶ፤
ደም ሳይቀር አይቻለሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፤
የማን ነው አልልም፤ አልቀበል ንስሓ።

በፋሲካ ማግስት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣
መሪጌታ ላቀው፣ መጡ ወደኔ ቤት።
ጋቢያቸው ላይ ጧፍ፣ ከደረት እስከ እግር፣
ሌሊቱን ነጥቦታል፣ በሕዝቡ ግርግር።
"ምን ነካው?" ብላቸው፣ ጢማቸውን ይዘው፣
"ሰም ነው" አሉኝ ስቀው፤ "ሰም ብቻ ነው የያዘው።"
"ወርቁስ?" አልኋቸው። እኔም አፍ አለኝ።
"ወርቁን አንቺ አምጪው" አሉና
በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

ልሙጥ ወረቀት ደርቤ፣ ካውያ አሳረፍሁ፤
እየቀለጠ መጣ፤ አጠጣሁ፣ አጠጣሁ።
ሰሙ ተነሣ።
ከሥሩ ግን ቀረ፣ ክብ ክብ፣ ቢጫ ቢጫ፤
ድርና ማጉ ውስጥ ገብቷል፤ ያጣ ይመስላል መውጫ።

መሪጌታ ብድግ፤ መነጽር አወረዱ፣
ጋቢውን ለብርሃን፣ ወደ በሩ ወሰዱ፦
"አየሽ!" አሉ፣ "አየሽ! ሰሙ ተገፈፈ፣
ወርቁ ቁልጭ ብሎ፣ ይኸው ተጻፈ!
አትንኪው፤ ይኑርልኝ። ተማሪ ላሳየው፤
ስንት ዘመን በአፌ፣ ስል የኖርሁትን ነው።"

እኔ እንግዲህ ፊደል አልቈጠርሁም፤
እድፍ ግን አውቃለሁ።
"መሪጌታ" አልሁ፣ "ለቅኔ ቤት ወርቅ ነው፤
ለኔ ቤት እድፍ ነው፤ ነገ ሰው ሲያየው፣
እናናየ አጥባው፣ አላወቀችም ይላል።
ጋቢ ዝም አይልም፤ አጣቢን ይከሳል።"

ቁልፉን ተጫንሁት። ንቧ ጮኸች።
ከዳር ወደ መሀል፣ ቢጫው ውስጥ ገባች።
አረፋው ተነሣ፣ ነጭ እንደ ባዘቶ፤
እሳቸው ያያሉ፣ ቃል ከአፋቸው ጠፍቶ።
አንዱ ክብ ሄደ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ጋ ስደርስ
ድምፁ ወረደ፣ ጠጉሩ ዘገየ፣ ቆመ፤
ትናንት መብራት አልነበረም፤ ባትሪው ደከመ።
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ በአውራ ጣቴ፣ በዚያ በተላጠው፣
የቀረውን ቢጫ፣ አንድ ባንድ ፈተግሁት፤ ገፋሁት፤ አሳጣሁት መግቢያው።

አንዲት ግን የጤፍ ፍሬ ታህል፣ ከልብሱ ጫፍ ግድም፣
ባሻት ብፈትጋት፣ እምቢ አለች፤ አልሄድም።
"ትቆይ" አሉኝ፣ "ትቆይ፤ የኔን ድርሻ ተይልኝ።"
ጋቢውን አጠፍሁት። ሒሳቡን ሲከፍሉኝ
ለአንዷ ክብ ቀንሼ፣ አምስት ብር መለስሁ፤
ከነምርቃቱ፣ ወርቅ ሰጥቼ ላክሁ።

ብሩሹን ሰካሁት፤ መብራት ባይመጣም።
ያ ሾፌር ሌላ ሸሚዝ ይዞ መጣ፤ አይፈራም።